የመጥበሻ ዓሣ፤ አጠማመዱ፣ አጠባበቁና አሠራሩ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የሰው ልጅ ከምድር ፍሬና ከእንስሳት ሥጋ በቀር ከውኃ ውስጥም ምግቡን ሲያገኝ የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሕዝቦች ዓሣ የዕለት ምግባቸው ሲሆን፣ በደጋ ለምንኖረው ለብዙዎቻችን ግን አልፎ አልፎ ወደ ገበታችን የሚመጣ እንግዳ ነው። እንግዳን ደግሞ አመሉን ሳያውቁ ማስተናገድ አስቸጋሪ ነው። ዓሣ በተገቢው መንገድ ከተያዘና ከተሠራ ለልጅም ለአዋቂም የሚስማማ መልካም ምግብ ይሆናል፤ በግዴለሽነት ከተያዘ ግን ገንዘብን ከማባከኑም በላይ ቤተ ሰብን በሕመም ላይ ይጥላል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ፈረንጆች «የመጥበሻ ዓሣ» ስለሚሉት ትንሽ የባሕር ዓሣ፣ አጠማመዱንም አሠራሩንም በየተራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የመጥበሻ ዓሣ ማለት የአንድ ዓሣ ዘር ስም አይደለም። ሆድ ዕቃው ከወጣለት በኋላ ሳይቈራረጥ፣ እንዳለ በአንድ መጥበሻ ላይ ሊያርፍ የሚችል ትንሽ ዓሣ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ለመያዝ ትልቅ መርከብና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ወደ ባሕሩ በተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ዘንግና በጥቂት ሳንቲም ማባበያ የቤተ ሰቡን እራት ሊያገኝ ይችላል። በዚህም ምክንያት የመጥበሻ ዓሣ ድኻና ሀብታም ሳይለይ የሁሉም ዓሣ ነው ለማለት ይቻላል።

እንዲህ ያሉ ዓሦች በብዙ ባሕሮች ይገኛሉ። እኛ ለምሳሌ የመረጥነው ግን በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚጠመዱትን ክሮከርና ስፖት የሚባሉትን ሁለት ዓሦች ነው። ይህንንም ያደረግነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የዋሽንግተን ከተማና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ወንድም ወይም እኅት ያለው፣ ወይም ለትምህርትና ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ የሚሄድ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ስለ ዓሣ አጠባበቅና አበሳሰል የምንናገረው ደንብ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከአርባ ምንጭ ተጭኖ አዲስ አበባ ለሚደርሰው ዓሣም ያገለግላል።

ስለ ባሕረ ሰላጤው

ቼሳፒክ በአሜሪካ የወንዝ ውኃና የባሕር ውኃ ከሚቀላቀሉባቸው ሰላጤዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ7 ሜትር አይበልጥም። በዋሽንግተን አጠገብ የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝም የሚፈሰው ወደዚሁ ሰላጤ ነው። በሰሜን በኩል ብዙ ወንዞች ስለሚገቡበት ጨውነቱ ደካማ ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ማለት ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በቀረበ መጠን ግን ጨውነቱ እየበረታ ይሄዳል። ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ፀሐይ ቶሎ ያሞቀዋል፤ ወንዞቹም ለተክልና ለትሎች የሚሆን ምግብ ያመጡለታል። ለትናንሽ ዓሦች ማደጊያ የተመቸ የሆነው ስለዚህ ነው።

ጆን ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ካፒቴን እ.ኤ.አ. በ1608 ዓ.ም. ይህን ሰላጤ በጀልባ ሲመረምር፣ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሣ፣ መረብም ስላልነበራቸው፣ ሰዎቹ በመጥበሻ ሊጨልፉት እንደ ሞከሩና መጥበሻ ለዓሣ ማጥመጃ የማይረባ ዕቃ መሆኑን እንደ ተረዱ በታሪኩ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ መጥበሻ ከእሳት ላይ እንጂ ከውኃ ላይ ሥራ እንደሌለው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተፈትኖ ታውቋል። ይልቁንም ከዚህ ታሪክ የምንረዳው በዚያ ዘመን የነበረው ዓሣ ምን ያህል ብዙ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ነገር በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ስለ ሁለቱ ዓሦች ጠባይ

ክሮከር የሚለው ስም እንደ እንቁራሪት የሚያንቋርር ማለት ነው። ይህ ዓሣ ከውኃ ሲወጣ በእርግጥ ይጮኻል። ድምፁም የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ከሆዱ ነው። ዓሣው በውኃ ውስጥ ከፍና ዝቅ ብሎ ለመንሳፈፍ የሚረዳው በአየር የተሞላ ከረጢት በሆዱ ውስጥ አለ፤ በዚህ ከረጢት አጠገብ ያሉት ልዩ ጡንቻዎች በፍጥነት ሲንቀጠቀጡ ከረጢቱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ጀማሪ አጥማጅ ይህን ድምፅ በሰማ ጊዜ ሊደነግጥ አይገባውም። መልኩ ብርማ ሆኖ በጀርባው በኩል ቡናማ ስርዝራዥ አለበት፤ ከአገጩም በታች ጥቃቅን ጢሞች አሉት። አፉ ወደ ታች የዞረ በመሆኑ ምግቡን ከውኃው ወለል ላይ ሳይሆን ከመሬቱ ላይ የሚለቅም መሆኑን ያመለክታል። የሚበላውም ትል፣ ትናንሽ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶችን ነው።

ስፖት የሚለው ስም ደግሞ ነጥብ ማለት ነው። ከስንጥቡ መክደኛ በስተ ኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ስላለበት እንዲህ ተባለ። ከክሮከር ያነሰ ነው፤ በአገጩም ላይ ጢም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ መጥበሻ ለእርሱ ተሠራ የሚያሰኝ ነው። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ከአምስት ዓመት በላይ የሚኖረው ጥቂቱ ነው።

ሁለቱም ዓሦች እንደ ወፎች ወቅት እየጠበቁ ይሰደዳሉ። በፈረንጆች ጸደይ ውኃው ሲሞቅ ከውቅያኖሱ ወደ ሰላጤው ይገባሉ፤ በበጋው ሁሉ ሲመገቡና ሲፋፉ ይቆያሉ፤ ብርዱ ሲጀምር ተመልሰው ወደ ውቅያኖሱ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉትም በዚያ በውቅያኖሱ ነው። የተፈለፈሉት ጥቃቅን ዓሦች በውኃው ሞገድ ተወስደው ወደ ሰላጤው ይገቡና በጭቃማው ስፍራ ያድጋሉ። ብርዱ ከመጠን በላይ የጸና ዓመት የሆነ እንደ ሆነ ብዙዎቹ ሕፃናት ክሮከሮች ያልቃሉ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ዓሣው የሚያንሰው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተነሣ አጥማጁ ዘንጉን ይዞ የሚወጣበት ደኅና ጊዜ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ነው ማለት ነው።

ስለ ፈቃድና ስለ ዕቃ

ወደ ባሕሩ ከመውጣት በፊት ሕጉን ማወቅ ይገባል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው፣ ነጻ ከተባሉት ስፍራዎችና ሁኔታዎች በቀር፣ በባሕር ዓሣ ለማጥመድ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት አለበት። የዓሣው ትንሹ መጠንና በቀን የሚያዘው ቍጥርም በደንብ የተወሰነ ነው፤ ደንቡም በየጊዜው ስለሚለወጥ በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ምክንያት በዚያም አገር ከቅጣት አያድንም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ቀላል ዘንግ ከነክር ማጠንጠኛው፣ ከ4 እስከ 7 ኪሎ የሚሸከም ክር፣ ትናንሽ መንጠቆዎችና የእርሳስ ክብደት ይበቃል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በክሩ ጫፍ ላይ እርሳሱ ይታሰራል፤ ከእርሱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ አንድ መንጠቆ፣ ከዚያም በላይ ሁለተኛ መንጠቆ በአጭር ቅርንጫፍ ክር ይንጠለጠላል። እርሳሱ ከመሬቱ ላይ ሲያርፍ ማባበያው ከዓሣው አፍ ፊት ይሆናል። መንጠቆው ትንሽ እንዲሆን የሚመከረው በተለይ የስፖት አፍ ጠባብ ስለ ሆነ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ የሚጥል ሰው ማባበያውን እያስበላ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለማባበያ የሚመረጠው በጭቃ ውስጥ የሚኖረውና ፈረንጆች የደም ትል የሚሉት የባሕር ትል ነው። ትሉን እንደ ሽንብራ ፍሬ በሚያህል ቍራጭ ከፋፍሎ መሰካት ይበቃል። ይህ ትል በአፉ ውስጥ አራት ጥቃቅን መንጋጋዎች ስላሉትና እንደ ንብ ስለሚናደፍ፣ ሲይዙት ከራሱ መጠንቀቅ ነው። ትል ያላገኘ ሰው የሽሪምፕ ሥጋ፣ የስኩዊድ ቍራጭ ወይም የሸርጣን ሥጋ ሊጠቀም ይችላል።

ስለ አጠማመድ

በባሕር ዳር ላላደገ ሰው አዲስ የሚሆንበት ነገር የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጐድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውኃው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ትልና ትናንሽ ፍጥረቶች ከጭቃው ይነቃሉ፤ ዓሦቹም እነርሱን ለመልቀም ይወጣሉ። ውኃው ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ጊዜ ግን ዓሣውም ያርፋል። ስለዚህ ዐዋቂ አጥማጅ ሰዓቱን የሚመርጠው በእጅ ሰዓቱ ሳይሆን በውኃው ነው። ክሮከር ደግሞ ይልቁንም ከምሽት ጀምሮ በሌሊት በብዛት ይበላል።

ማባበያው ወደ ውኃው ከተጣለ በኋላ ክሩን ጠበቅ አድርጎ መያዝና በጣት ጫፍ ማዳመጥ ነው። ዓሣው በር እንደሚያንኳኳ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካካል። በዚህ ጊዜ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ አይገባም፤ ቀስ ብሎ ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃል። ዓሣው ባንድ ስፍራ ሩብ ሰዓት ያህል ካልነካ፣ ስፍራ መለወጥ ነው። የወንዝ አፍ፣ የድልድይ ምሰሶ ሥርና አሸዋና ጭቃ የሚገናኙበት ስፍራ የተመረጡ ናቸው። የፖቶማክ ወንዝ ከሰላጤው ጋር የሚገናኝበት ፖይንት ሉክአውት የተባለው የሜሪላንድ መናፈሻ በዚህ የታወቀ ነው።

በአማርኛችን «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። በቼሳፒክም መንጠቆው ዓሣ ብቻ አያወጣም። በጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ከላይ የጠቀስነው ጆን ስሚዝ በዚያው በ1608 ዓ.ም. በሰይፉ ዓሣ ሲወጋ፣ ይህን ፍጥረት ከሰይፉ ላይ ሲያላቅቅ በጅራቱ ወግቶት፣ ክንዱ አብጦ ባልንጀሮቹ ይሞታል ብለው መቃብር እስከ መቈፈር ደርሰው ነበር። እርሱ ግን ድኖ ዓሣውን ለእራቱ በላው፤ ስፍራውም እስከ ዛሬ በዚያ ዓሣ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለው በመንጠቆ ከመጣ በእጅ ሳይነኩ ክሩን መቍረጥ ይሻላል። ክሮከርና ስፖትም ቢሆኑ በጀርባቸው ክንፍ ላይ ሹል እሾህ ስላላቸው፣ ክንፉን ከራስ ወደ ጅራት አስተኝቶ በእርጥብ ጨርቅ መያዝ ይገባል። የማይፈለግ ወይም ከተወሰነው መጠን ያነሰ ዓሣ ሳይውል ሳያድር፣ እጅን አርጥቦ ይዞ ወደ ውኃው መመለስ ነው።

ስለ አጠባበቅ

ክቡራን አንባቢዎች፤ የዓሣ ምግብነት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በወጥ ቤት አይደለም፤ ከውኃው በወጣበት በመጀመሪያው ሰዓት ነው። የበሬ ሥጋ ተሰቅሎ ሲያድር ይታገሣል፤ ዓሣ ግን አይታገሥም። ምክንያቱም የዓሣ ሥጋ ልል ነው፤ በውስጡ ያሉት ምግብን የሚያብላሉ ፈሳሾችና በስንጥቡና በአንጀቱ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ዓሣው እንደ ሞተ ሥጋውን ማፍረስ ይጀምራሉ። አባቶች «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ያሉት ስለ ሰው አስተዳደር ለመናገር ቢሆንም፣ ደም የሞላው ስንጥብ የሚገኘው በራሱ በኩል ስለ ሆነ፣ ነገሩ በሥጋዊው ዓሣም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ይህን የሚያግደው ብርድ ነው። ዓሣው እንደ ተያዘ ወዲያው መግደል፣ ስንጥቡን ቈርጦ ደሙን ማፍሰስ፣ ከዚያም በበረዶ ውስጥ መክተት ይገባል። በረዶው ብቻውን ከሚሆን ጥቂት የባሕር ውኃ ቢጨመርበት ይሻላል፤ ደረቅ በረዶ ዓሣውን በሚነካው ስፍራ ብቻ ሲያቀዘቅዘው፣ በረዶ ያለበት ውኃ ግን ዙሪያውን ስለሚከበው ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ቤት ከደረሰ በኋላ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ማቈየትና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መብላት ይገባል። ዓሣን በፀሐይ ላይ በባልዲ ይዞ መዋል ወይም በላስቲክ ከረጢት አፍኖ በመኪና ውስጥ መተው ለድመት እንኳ የማይሆን ነገር ማምጣት ነው።

ከገበያ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የትኵስ ዓሣ ምልክቱ ይህ ነው። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሆናል፤ ስንጥቡ ቀይ ይሆናል፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይሞላል፤ ቅርፊቱ ከቈዳው ጋር የተጣበቀ ይሆናል፤ ሽታውም የውኃ ሽታ እንጂ የሚከረፋ አይሆንም። ዓይኑ የጐደጐደ፣ ስንጥቡ የጠቈረ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ጐድጕዶ የሚቀር ዓሣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥም ውድ ነው።

ስለ ሽታው አንድ ነገር እንጨምር። በባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ከባሕሩ ጨው ጋር ተስማምቶ ለመኖር የሚረዳው አንድ ሽታ የሌለው ቅመም አለ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ጥቃቅን ነፍሳት ይህን ቅመም ሲለውጡት ሁላችን የምናውቀው የዓሣ ሽታ ይወጣል። ሎሚ በዓሣ ላይ የሚጨመቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የሎሚው ኰምጣጣነት ይህን ሽታ ስለሚያስረው ነው። ይሁን እንጂ ሎሚ ሽታውን እንጂ ብልሽቱን አያጠፋም፤ የተበላሸ ዓሣ በሎሚ አይመለስም።

ስለ አጸዳድና አጠባበስ

በመጀመሪያ ዓሣውን በእርጥበቱ እንዳለ ከጅራቱ ይዞ፣ በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ እየፋቁ ቅርፊቱን ማውጣት ነው። ቀጥሎ ሆዱን ከታች ሰንጥቆ አንጀቱን ማውጣት፣ ከዐጥንቱ ሥር ያለውን ጥቁር የደም መስመርም በጥፍር ወይም በማንኪያ መፋቅ ነው፤ ይህ መስመር ከቀረ ዓሣው ይመራል። ራሱን መቍረጥ እንደ ወዳጁ ፈቃድ ነው። ከዚህ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቆ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

ከዚያ በሁለቱም ጐኑ ላይ እስከ ዐጥንቱ የሚደርስ ሦስት ሦስት ስንጥቅ ማድረግ ይገባል። ይህም ሁለት ጥቅም አለው፤ ሙቀቱ ወፍራሙ ሥጋ ድረስ ይገባል፤ ጥቃቅኖቹም እሾሆች ተቈርጠው በዘይቱ ይደርቃሉ። በሐይቅ ዳር ከተሞቻችን ቆሮሶ ሲጠበስ ጐኑ የሚተለተለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለአራት ሰው ስምንት ትናንሽ ዓሣ፣ አንድ ብርጭቆ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ዘይትና ሁለት ሎሚ ይበቃል። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው፤ የእኛ ሰው ግን ዱቄቱ ላይ ቁንጥር ሚጥሚጣ ቢጨምርበት ዓሣው አይቈጣም። ጨውና ቅመሙ ከዱቄቱ ጋር ከተደባለቀ በኋላ ዓሣውን በውስጡ አንከባሎ ትርፉን ማራገፍ ነው። ዓሣው አስቀድሞ ካልደረቀ ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል፤ በመጥበሻውም ላይ ይገፈፋል።

በወፍራም መጥበሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዘይት ማሞቅ ነው። ቁንጥር ዱቄት ሲጣልበት ወዲያው ቸስ ካለ ደርሷል፤ ከጨሰ ግን አልፎበታል። ዓሣውን አንድ በአንድ፣ ከራስ ወደ ውጭ በኩል እያስተኙ ማስገባት ይገባል። መጥበሻውን ማጨናነቅ አይገባም፤ ብዙ ዓሣ ባንድ ጊዜ ሲገባ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው በመጠበስ ፈንታ ዘይት ይጠጣል። በእያንዳንዱ ጐን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይበቃዋል። የመብሰሉ ምልክት፣ ሥጋው መስታወት መሰል ከመሆን ወደ ነጭነት መለወጡና በሹካ ሲነኩት ከዐጥንቱ በቀላሉ መላቀቁ ነው። መለኪያ ያለው ሰው ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት። ከወጣ በኋላ በሳሕን ላይ መደራረብ ልስላሴ ስለሚያመጣበት፣ በወንፊት ወይም በሽቦ ላይ ማንጠፍጠፍ ይሻላል።

ዘይቱ በእሳት ቢያያዝ ውኃ መጨመር ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ምድጃውን ማጥፋትና መጥበሻውን በክዳን ማፈን ነው እንጂ፣ ውኃ የተጨመረበት እንደ ሆነ የሚነድደው ዘይት ተፈናጥሮ ሰውንም ቤትንም ያቃጥላል።

አንዳንድ ሰዎች ዓሣን በሎሚና በሚጥሚጣ አሽተው ጥሬውን ይበላሉ። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ቢያደርገውም እሳት የሚሠራውን ሥራ አይሠራም፤ በሥጋው ውስጥ ያሉትን ትላትሎችና ጀርሞች በሚታመን ሁኔታ አይገድልም። ስለዚህ በእሳት የበሰለው ይመረጣል።

ስለ አመጋገብ

የመጥበሻ ዓሣ ከነዐጥንቱ የሚቀርብ ስለ ሆነ በችኮላ አይበላም። በመጀመሪያ የጀርባውን ክንፍ ስቦ ማውጣት ነው፤ ከርሱ ጋር የታሰሩት እሾሆች አብረው ይወጣሉ። ከዚያ ሥጋውን ከመካከለኛው ዐጥንት ወደ ታች እየገፉ መለየት ነው። ለሕፃናት ሲሰጥ ግን ሥጋው በጣት ተዳስሶ፣ እሾህ የሌለበት መሆኑ ከታወቀ በኋላ መሆን አለበት። እሾህ በጕሮሮ የተሰነቀረበትን ልጅ ደረቅ እንጀራ እያስዋጡ ከመግፋት ወደ ሐኪም መውሰድ ይሻላል።

ደግሞም በኢንዱስትሪ አገር ወንዞች ውስጥ የተጣለ መርዝ በዓሣ ሥጋ መገኘቱ የታወቀ ነው። ሜርኩሪና ፒ.ሲ.ቢ. የሚባሉት ከነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ፒ.ሲ.ቢ. በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. እንዳይሠራ ቢከለከልም፣ በጭቃው ውስጥ የቀረው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በጠቅላላው ዕድሜው አጭር የሆነ ትንሽ ዓሣ ከትልቅና ካረጀ ዓሣ ያነሰ መርዝ ያከማቻል። ሆኖም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ባለ ሥልጣኖች ከየትኛው ውኃ የተያዘ ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ደኅና እንደ ሆነ ማስታወቂያ ስለሚያወጡ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያሉበት ቤት ይህን ሊመለከት ይገባል። ፒ.ሲ.ቢ. የሚከማቸው በስብ ውስጥ ስለ ሆነ ቈዳውንና ስቡን ማውጣት ይቀንሰዋል።

ስለ ልክ ማወቅ

ከላይ በመጥበሻ ሊጨለፍ የተሞከረው ዓሣ ዛሬ እንደ ጥንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. የተቋቋመው የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ኮሚሽን የክሮከርና የስፖት ቍጥር ማነሱን የሚያሳዩ ምልክቶች ስለ በዙበት፣ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሰው በቀን ከ50 ክሮከርና ከ50 ስፖት በላይ እንዳይዝ ደንብ አውጥቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ በደቡብ በኩል ሽሪምፕ የሚያጠምዱት የጐታች መረቦች ያላደጉትን ዓሦች አብረው ማውጣታቸው ነው። ሌላው የውኃው መቈሸሽ ነው፤ ከእርሻና ከከተማ የሚታጠበው ማዳበሪያና ፍሳሽ አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ተክል ያበዛል፤ ያም ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ በመሬቱ ላይ የሚመገበው ዓሣም ስፍራ ያጣል። የሰላጤው ጎረቤቶች ውኃውን ለማጽዳት እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ ብዙ ገንዘብና ድካም ሲያወጡበት ኖረዋል። ለማበላሸት ማንም ያልደከመበትን ነገር ለመመለስ የዚህን ያህል መድከም አስፈልጓል።

ሃምሳ የተባለው ቍጥር የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሥራ ግዴታ አይደለም። ለአራት ሰው ስምንት ዓሣ እንደሚበቃ ከላይ ተመልክተናል። ስምንት ዓሣ ይዞ በበረዶ ጠብቆ፣ በዕለቱ ጠብሶ ከቤተ ሰቡ ጋር የበላ ሰው፣ ሃምሳ ይዞ ሠላሳውን ካበላሸ ሰው ይበልጥ አትርፏል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ ከልክ በላይ መጠመዱን ተመራማሪዎች አመልክተዋል። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ገና ያልወለደው ዓሣ ይያዛል፤ ያልወለደ ዓሣ ከተበላ ደግሞ ለከርሞ የሚወልድ አይገኝም። በአገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 የወጣው ይህ ሀብት ሕግ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ነው። ሕግ ግን ብቻውን በሐይቅ ዳር አይቆምም። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ደንብን የሚጽፍና የሚያስፈጽም ሰው፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከገበያ መዳፍ የማታህል ዓሣ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ከገዛ፣ ጠዋት የጻፈውን ማታ ሰረዘው ማለት ነው። ገዢ ያጣ ዓሣ አጥማጅም አያጣውም፤ ጠባቡን መረብ የሚያስጥለው ከቅጣቱ ይልቅ የገዢው እንቢታ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፤ የተናገርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ዓሣን በሕግ ማጥመድ፣ ወዲያው ማቀዘቀዝ፣ አጽድቶና አድርቆ በደንብ ማብሰል፣ እሾሁን ተጠንቅቆ መብላት፣ ከሚበቃውም በላይ አለመውሰድ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብቻ ነው።